የአያንቱ ቅልጥም

የአትሌቲክስ ክለቡ የሚወስደው አንድ ተለማማጅ ብቻ ነው። ካመለከቱት የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ተጣርተው የቀሩት አንዲት ተማሪና አንድ የክፍሏ ልጅ ናቸው። የመጨረሻው ፈተና መጋረጃ ጀርባ የተኛች አንዲትን ሯጭ ተራ በተራ መመርመር ነበር።

ልጁ ጨርሶ ሲወጣ ተማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። አልጋው ላይ የተጋደመችው ሯጭ አያንቱ ትባላለች። ተማሪዋ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ወረደች። ሯጭ ሕመሙን በፊቱ አያሳይም፤ ስለዚህ የምታየው የአያንቱን እጅ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ አያንቱ አንሶላውን ጨመደደችው።

«በእናትሽ፣ እንዳትነግሪያቸው» አለቻት በሹክሹክታ። «እሁድ ማጣሪያ ነው። ይቺ ካመለጠችኝ አለቀልኝ።»

ተማሪዋ «ደህና ናት» ልትል አስባ ወጣች። ውጭ የሚጠብቃት የክለቡ አሰልጣኝ ፊት ስትቆም ግን ያ እግር ትራኩ ላይ ሲሰበር ታያት።

«አጥንቷ ተሰንጥቋል ኮች። መሮጥ የለባትም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ለቅሶ ተሰማ።

«ያኛው ምንም የለባትም ብሎኝ ነው የሄደው» አለ አሰልጣኙ። «ቦታው ያንቺ ነው።»

መደሰት አቃታት። «አያንቱስ?»

«ራጇን ካየሁ ሳምንት ሆነኝ። እንዳትፈራ ብዬ ነው ያልነገርኳት። ቦታውን ዳብሶ አግኝቶ የሚያስር እጅ ነበር የጠፋው።» ከኪሱ ጥቅል ፕላስተር አውጥቶ አስጨበጣት። «በይ፣ እሁድ ስትሮጥ ሕመሙ እንዳይሰማት አድርገሽ እሰሪያት።»

ለቅሶው ቆመ። መጋረጃውን ስትገልጠው አያንቱ እየሳቀች እግሯን ዘረጋችላት።