ለሙልኪ የተጋለበ

ጡረታ የወጣው ፈረሰኛ ፖሊስ ዳሂር፣ ጅጅጋ ሜዳ ላይ ሕዝብ ሁሉ እያየው ለክብር እንግዳው ጀርባውን ሰጠ። የተጠራው እንግዳውን በፈረስ ሰላም እንዲል ነበር። ሰላምታው በሙሉ ግልቢያ መጥቶ ከሚከበረው ሰው ደረት ፊት ልጓም መሳብ ነው፤ የሚከበረውም ንቅንቅ አይልም። ዳሂር ግን በሜዳው በር ላይ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች አብሮት ይጋልብ የነበረውን የሟች ጓዱን ሚስት ሙልኪን ከነወተት ጀሪካኗ ሲገፈትሯት አየ።

"አባባ፣ እንግዳው በዚህ ናቸው!" ብለው ጮኹበት።

"የማከብረውን ሰው እኔ አውቃለሁ!" አለና ፈረሱን ወደ በሩ ኮለኮለው።

አስተባባሪዎቹ ተበታተኑ። ሙልኪ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጓሙን ሲስብ የፈረሱ ትንፋሽ ሻሿን አርገበገበው። ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም።

"ባለቤቴ ከዚህም ይቀርብ ነበር" አለችው። "ተመለስና እንደገና ና!"