የደመወዙ ጥያቄ

የዓይን ቴክኒሻኗ የተማሪዎችን ዓይን ለመለካት ከዲላ ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህሩ ስለ ሥራዋ ጥቂት እንድትናገር ሲጋብዟት፣ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«ደመወዙ ጥሩ ነው? እድገትስ አለው?»

ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ የደመወዝ እርከን ላይ ነበረች። ይህን በልጆች ፊት መናገር አሳፈራት።

«ከሐኪም እኩል ነው የሚከፈለን» አለች። «በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለዶክተርነት ያስተምሩናል።»

ስምንት ዓመት አለፈ። ቴክኒሻኗ እዚያው ሆስፒታል የዓይን ምርመራ ክፍሏ ውስጥ እያለች፣ ትርሲት የምትባል አዲስ ቴክኒሻን አብራት እንድትሠራ ተመደበች። ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ትጉ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን ግን የደመወዝ ወረቀቷን ደጋግማ ስታይ ዋለች።

«ሲስተር፣ ይሄ የሙከራ ጊዜ ደመወዝ ነው አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«አይደለም። የእኔም ከዚህ ብዙ አይበልጥም።»

ትርሲት ወረቀቱን አጠፈች። «ተማሪ ሳለሁ ዓይናችንን ልትለካ የመጣች ቴክኒሻን ሌላ ነበር የነገረችን። ፋርማሲ ደርሶኝ የተውኩት እሷን ሰምቼ ነው።»

የሴትዮዋ ፊት ጋለ። «መልኳን ታስታውሺዋለሽ?»

«ያኔ መነጽር አልነበረኝም፤ ነጭ ጋዋኗ ብቻ ነው የታየኝ። ግን እሷ ባትለካኝ ኖሮ ትምህርቴንም አልጨርስም ነበር። ይሄኔ ዶክተር ሆናለች። ባገኛት አመሰግናት ነበር። ያውቋታል?»

«አላውቃትም» አለችና የሚቀጥለውን ታካሚ ስም ጠራች።