ነርስነት አያዋጣም ብዬ ካርቶን ላይ የሰራሁት ሒሳብ

«ቁጥር አይዋሽም ስልሽ! ካርቶኑን እዪዋ!»

የስልክ ማሸጊያ ቀድጄ ጀርባው ላይ ሒሳብ ሰርቻለሁ... እህቴ ሚጣ ግን ዞር ብላም አላየችው።

እሁድ ከሰዓት ነው። አባዬ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል።

እማዬ ከጎኑ ልብስ ታጥፋለች። ሚጣ አባዬ አጠገብ ዱካ ላይ።

እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ... እንደ ጠበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሚጣ የነርሲንግ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች። የሁለተኛው ዓመት መክፈያ ሐሙስ ያበቃል።

አባዬ አናጢ ነው። አልጋና ቁም ሳጥን እየሰራ ያጠራቀማት ገንዘብ አለች... አንዲት ናት።

ወይ ለሚጣ ኮሌጅ... ወይ ለኔ ሱቅ።

እኔ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ ስልክ እጠግናለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ «ካልኩሌተር» ነው። የማያዋጣ ነገር ከሩቅ ይሸተኛል።

«አባዬ ስማኝ» አልኩ። «የቀረው ክፍያ ይሄው። መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ትራንስፖርት ይሄው። ተመርቃ የምታገኘው ደሞዝ ደግሞ... ይቺ! ያወጣነውን ለመመለስ ብቻ ሰባት ዓመት! ሱቁ ግን በዓመት ከመንፈቅ ራሱን ይመልሳል። እሷም ካሸር ሆና ቁጭ ብላ ትበላለች።»

«ያለፈውስ ዓመት?» አለች እማዬ።

«እሱማ ሄዷል።» ካርቶኑ ላይ «የባከነ» ብዬ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

አባዬ ሳለ።

«ብናኝ ነው» አለ እንደ ልማዱ።

ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ሳል ነው... የእንጨት ብናኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «ብርድ መታኝ» ሲል ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። አባዬ እግሩ ቢቆረጥ እንኳ «ጫማው ጠቦኝ ነው» የሚል ሰው ነው።

ይሄኔ ሚጣ ቀስ ብላ የእጁን አንጓ ያዘች።

ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አባዬ ላይ... ከአባዬ ሰዓቱ ላይ።

በሆዴ «ተጀመረ!» አልኩ። አሁን እንባ ይከተላል... አባዬ ይቀልጣል... ሱቄን ውሃ በላው!

ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ሚጣ መልሺልኝ እንጂ! ሰባት ዓመት ትንሽ ነው?»

ዝም።

«እጅ መያዝ መልስ አይሆንም!»

አሁንም ሰዓቱን አየች።

ከዛ የአባዬን እጅ ጭኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«ሠላሳ ስድስት» አለች።

«ምኑ?»

«ትንፋሹ። በደቂቃ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው፤ ከሃያ ማለፍ አልነበረበትም። እማዬ፣ ጫማውን አቀብዪኝ። አንተ ታክሲ ጥራ።»

«ሳል... ነው እኮ... ልጄ» አለ አባዬ።

«ይቺን ለመናገር ሁለቴ አረፍክ አባዬ። ተነስ እንሂድ።»

ተሟግቶ ተረትቶ አያውቅም የተባለው ካልኩሌተር... ጫማውን ገልብጦ አድርጎ ወጣ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሷ የአባዬ ጣት ላይ ትንሽዬ መሣሪያ ሰካች። ቁጥሩን አየችና ምንም ሳትለን ኦክስጅን አደረገችለት።

የሳንባ ምች።

«እስከ ነገ ብታሳድሩት ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለን ሐኪሙ።

ኮሪደሩ ላይ ከሚጣ ጎን ተቀመጥኩ።

«አንጓ የሚያዘው የልብ ምት ለመቁጠር መስሎኝ...»

«እጁን የያዝኩት እሱም እንደዛ እንዲመስለው ነው። የምቆጥረው ደረቱን እያየሁ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?»

«ትንፋሽህ እየተቆጠረ ነው የተባለ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። አባዬን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ደህና ለመምሰል ቀስ ብሎ ይተነፍስልኝ ነበር። መጀመሪያ ዓመት ላይ ነው የተማርነው።»

መጀመሪያ ዓመት...

ያ «የባከነ» ብዬ ሁለቴ ያሰመርኩበት።

እሷ ዝም ያለችው መልስ አጥታ አልነበረም። እኔ ሱቄን ስቆጥር... እሷ አባቴን እየቆጠረች ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የክፍሉን ነርስ ግን ሳልጠይቃት መሄድ አልቻልኩም። አመል ነው!

«እህቴ፣ ስንት ይከፈልሻል?»

ነገረችኝ። ካርቶኑ ላይ ከጻፍኩት ያንሳል!

«ለትምህርት ያወጣሽውን በስንት ዓመት መለስሽው?»

«በዘጠኝ» አለችና ሳቀች። «ምነው፣ ልትገባበት ነው እንዴ?»

አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር።

«ሒሳብህ ልክ ነው ልጄ» አለኝ። «እኔም አልጋ ስሰራ እንጨቱንም ምስማሩንም እቆጥራለሁ። ማን እንደሚተኛበት ግን ቆጥሬ አላውቅም። በል ሂድና ክፈልላት። ከቁጥር ጋር የምትግባባው አንተ ነህ።»

ሕክምናው ከዛችው ገንዘብ ቆርሶ ነበር። የጎደለውን ከጠረጴዛዬ ሞላሁት።

ሱቁ ይደርሳል።

ወዳጆቼ፣ አትቁጠሩ እያልኳችሁ አይደለም። ኮሌጅ ከመግባታችሁ በፊት ክፍያውንም ደሞዙንም ጠይቁ፤ ነርሶቻችን የሚያገኙት ከልፋታቸው ጋር አይገናኝም፣ እሱን አይቼዋለሁ። ግን ደሞዝ ማለት ሙያው ለባለሙያው የሚሰጠው ነው። ለሌላው ሰው የሚሰጠውን የምጽፍበት ቦታ የኔ ካርቶን ላይ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ኮሌጁ ሄጄ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰለፍኩ። ካሸሯ ደረሰኙን ስትሰጠኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ... እስካሁን አልመለስኩላትም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ቀና ብላ እያየችኝ እንዲህ ነው ያለችኝ፦

«አንተስ... ላንተ የመመዝገቢያ ፎርም አልሰጥህም?»