የአዝማሪው ማሲንቆ

ፊታውራሪ ቦሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራውን የማሲንቆ ክር በጣታቸው ሲዳስሱ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ከጎናቸው ቆሞ ጣታቸውን በዓይኑ ይከተል ነበር። ጎባን በዘፈን ያስጠራው አዝማሪ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ከተማዋን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ሁሉ ግን ማሲንቆውን ሳያይ አይመለስም ነበር።

“ክሩም የዚያን ጊዜው ነው?”

“ራሱ ነው፣ ጌታዬ። የሰው እጅ አልነካውም።”

የዱሮውን ክር አይጥ በልቶት የተገኘው ያን ዕለት ጠዋት፣ ፊታውራሪ ከከንቲባው ጋር ቁርስ ላይ ሳሉ ነበር።

ፊታውራሪ ፈረስ አዋቂ ናቸው። ማሲንቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ያ ረቢ! ዛሬ እንዲህ ያለ ጭራ ያለው የእኔ ነጭ ፈረስ ብቻ ነው። ደጅ ታስሯል፤ ና ላሳይህ።”

“ቅድም አይቼዋለሁ፣ ጌታዬ” አለ ጸሐፊው፣ መቀሱን ወደ ኪሱ ውስጥ እየገፋ።