ዘጠኝ ሰዓት

ተረፈች ጳውሎስ እናቷን አታውቃትም። እናቷ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ምጥ ጠንቶባት ዘጠኝ ሰዓት ከቆየች በኋላ፣ በስተመጨረሻ በቀዶ ጥገና ሕፃኗ ወጣች፤ እናት ግን አልተነሳችም። «ሐኪሙ ቆሞ እያየ ገደላት» ይሉ ነበር አባቷ ጋሼ ጳውሎስ። በጡት ፋንታ ያጠቧት ይህንኑ ቂም ነው።

አድጋ ሜልበርን መጣች፤ የፅንስ እድገት ተመራማሪ ሆነች። አንድ ቀን የስብሰባ ማስታወቂያ ስታነብ አባቷ ሲረግሙት የኖሩትን የሐኪሙን ስም አገኘችው። ዶክተር ኢሳያስ፣ ለገጠር እናቶች በሚሆን ርካሽ የቀዶ ጥገና ዘዴ ላይ ስለሠሩት ጥናት ሊሸለሙ ሜልበርን ይመጣሉ።

ከጥናታቸው ሰንጠረዥ በጤና ጣቢያው ስምና በዓመቱ የእናቷን መስመር ፈልጋ አወጣች። የቀዶ ጥገናው መዘግየት፦ ዘጠኝ ሰዓት። ምክንያት፦ ባዶ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥያቄዋን እንደ ምላጭ ስትስል ከረመች።

በስብሰባው ቀን አባቷን ሱፍ አልብሳ፣ አብረው ከሚኖሩበት ከከተማዋ ዳር ከዋይንድሃም ቬል በባቡር ይዛቸው ሄደች። ጉልበቴን አሞኛል፣ የፈረንጅ ስብሰባ ምን ያደርግልኛል እያሉ ሲያንገራግሩ ነበር።

«አባዬ፣ ሲዋረድ በዓይንዎ ይዩት» አለቻቸው።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ተነስታ ማይኩን ተቀበለች። የጤና ጣቢያውን ስም፣ ዓመቱን፣ ዘጠኙን ሰዓት በእንግሊዝኛ ዘረዘረች። ሟቿ እናቴ ናት አለች።

ዶክተሩ እሷን አልፈው አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ትክ ብለው አዩ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ይህን ለብቻሽ ልንገርሽ» አሉ።

መሸሻ ፍለጋ መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ ለማየት ስትመኘው የኖረችው የሐኪሙ ፊት ይኸው ገረጣ፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«እዚሁ ይናገሩ። ምክንያቱን ለምን ባዶ ተዉት?»

«ሰው ላለማሳፈር።»

«የሚያፍረው ይፈር። መዝገቡን ያሳዩን።»

አባቷ ክንዷን ያዙ። «ተይው፤ እንሂድ» አሉ በቀስታ። እጃቸውን አስለቀቀች። እሳቸው ይቅር ቢሉ እሷ አትልም።

ዶክተሩ ኮምፒውተራቸውን ጥቂት ነካኩ። ያረጀ የመዝገብ ገጽ ግድግዳው ላይ ወጣ። በእጅ የተጻፈው አማርኛ ከወንበሯ ሆና ይነበባታል፦

«ባል ቀዶ ጥገናውን እንዲፈቅድ አራት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ብሎ፣ በዘጠነኛው ሰዓት ፈቅዷል። ፊርማ፦ ጳውሎስ ቀነዓ።»