ስፌቱ ወደ ውጭ

የልጄ የወለላ ቆዳ፣ ልብስ እንኳ ሲያሸው፣ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል፤ ከዘር የወረሰችው ነው። ለዚህ ነው ልብሷን ገልብጣ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ እየለበሰች ያደገችው። ዘንድሮ ግን የአንዱን ሕመም አምባሩን ላጠለቀው ሰው የሚያሸክም አምባር ወጣ። ለሠርጓ ቀን ሕመሟን ልሸከምላት እኔ በእጄ አጠለቅሁት።

«ስቆስል ትነግሪኛለሽ» ብላ አስማለችኝና የሙሽራ ቀሚሷን እንደ ሰው፣ ሳትገለብጠው ለበሰች። መስታወቱ ፊት ዞር ስትል ወገቤን እሳት ላሰኝ። ስፌቱ ልጧታል፤ እሷ ግን እየሳቀች ነው። ደጅ የሙሽራው ሚዜዎች መዝፈን ጀመሩ። ጩኸቴ ሊያመልጠኝ ሲል እልል አልኩ። ደግሜ እልል አልኩ።

ወለላ ሳቋን አቆመች።

«እማዬ፣ እልልታሽ ረዘመ።»

አምባሩን ከእጄ አውልቃ ራሷ አጠለቀችው። የኔ ወገብ ዝም አለ፤ የሷ ፊት ተኮማተረ። ከዚያ ቀሚሷን ገልብጣ ለበሰችና፣ ስፌቱን ለሠርገኛው ሁሉ እያሳየች ወጣች።