መርፌ የሚተካው አብሽ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። እህል ጠፋ፤ የስኳር በሽታ መርፌም ዋጋው አልቀመስ አለ። ነጋዴው አንዳርጌ አብሽ ፈጭቶ አሸገና «መርፌ ይተካል» ብሎ ጽፎበት ሸጠ። ብዙ ሰው አመነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። ምግብ ላይ «ያድናል» ወይም «መድኃኒት ይተካል» ብሎ የጻፈ ሰው ሲታመም በዚያው ምግብ ብቻ ይታከማል።

ሕጉን የምታስፈጽመው ተቆጣጣሪ ብርነሽ ቤቱ የደረሰችው አንዳርጌ ምሳ ሲበላ ነበር። ፍሪጁን ከፍታ ከቅቤው ጀርባ አምስት ብልቃጥ ኢንሱሊን አወጣች።

«የማን ነው፣ ጋሼ?»

«የእኔ ነው። እባክሽ እህቴ፣ ያለሱ ሳምንት አልቆይም።»

«ምነው? ጓዳው ሙሉ አብሽ አይደል እንዴ!»

«ለገበያ ያልኩት ነው እንጂ! ነጋዴ ምን የማይለው አለ?»

«ወንድሜ ታፈረ ግን አመነዎት። መርፌውን ትቶ የእርስዎን አብሽ እየጠጣ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።»

አንዳርጌ ታፈረ የሚባል ሰው ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«አላወቅኩትም» አለ።

«እሱ ግን ስምዎን እየጠራ ነበር የሚመርቅዎት።»

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋቻቸው። አንዳርጌ እግሯ ላይ ወደቀ። የመጨረሻውን ጠብታ አራግፋ እጇን ታጠበች።

«የወንድሜን ብድር መለስኩ» አለችና ተራምዳው ወጣች።